የሜዳው ጨው

ደምስዬ፣

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጃችን አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ያን ቅዳሜ ከጆንያው ጨው ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ዑመር አይደለም፤ አንተም አይደለህም። እኔ ነኝ።

ይኸው ተጻፈ። ከጻፍኩት በኋላ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፤ በሩን ከፍቼም ጥቂት ቆምኩ። አንተ ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። ነገሩ ከሆነ ደግሞ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በሆዴ ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ እንደሰረዝኳት እግዜር ያውቃል።

ከሥራ ስትገባ ገና ጫማህን ሳታወልቅ የምትጠይቀው ስለ ቤቱ ነበርና እኔም ከቤቱ ልጀምር። በግቢው ጥግ የተከልካት ኒም ከቆርቆሮው በላይ ወጥታለች። ከቀትር በኋላ የረድፉ ሴቶች ሁሉ ጥላዋ ሥር ነን። ውሃ አሁን የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ስለሆነ በርሜሎቹን ሦስት አድርጌያቸዋለሁ። ሬዲዮው ካንተ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። ሰናይት አስተማሪ ሆናለች፤ የተመደበችው ጎጃም ነው። እዚህ ምጽዋት ቢሆን የማትቀበለውን ብርድ ልብስ እዚያ ሁለት ደርባ እንደምትተኛ ስትጽፍልኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ደብዳቤዋን የማነበው ራሴ ነኝ፤ መልሱንም የምጽፈው ራሴ ነኝ።

ፊደል የለየሁት ከማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከማንም አልነበረም። ስኳርና ምስር የተጠቀለለባቸውን ጋዜጦች እያቃናሁ ነው። ጋዜጣው ሲያልቅብኝ ያንተን የዳኝነት ደንብ አነበብኩ፤ ያችን ሽፋኗ የተገነጠለ ትንሽ መጽሐፍ። አንተ ሥራ ስትሄድ ከትራስህ ሥር አወጣታለሁ፣ ሳትመጣ እመልሳታለሁ። ኳስ በሙሉ መስመሩን በሙሉ ካላለፈ ጎል አይደለም የሚለውን በቃሌ ይዤው ነበር። ከጨዋታ በፊት ሜዳውን መመርመር የዳኛው ኃላፊነት ነው የሚለውንም። ይህን ሁለተኛውን ባላነበብኩት ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ።

ባለፈው ቅዳሜ ሜዳ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ጎረቤታችን አስካለ ናት የጎተተችኝ። ትልቁ ልጇ ለወደብ በረኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ብቻዬን ልቤ አይችልም አለችኝ። ወደብና ጨው ነበሩ የሚጋጠሙት፤ የወደቡና የጨው ማሳው ቡድኖች። እንቢ ልላት ነበር። ግን ስንቱን እንቢ እላለሁ ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ።

ሜዳው ያው ነው። ከጨዋታው በፊት ቦቴው የባሕር ውሃ እየረጨ አሸዋውን ያጠነክረዋል፤ ዙሪያው ላይ አሮጌ የመርከብ ገመድ ተወጥሯል፤ ቋሚዎቹ ያው የቧንቧ ብረቶች ናቸው፤ አሁን ግን የዓሣ መረብ ተሰፍቶባቸዋል። ሴቶች የሚቀመጡት ዛሬም በትምህርት ቤቱ በኩል፣ ከጎሉ ኋላ ነው። ከጨዋታው በፊት የቀበሌው ሰው እንደ ወትሮው ንግግር አደረገ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን፤ ከንግግሩ መርዘም የተነሳ ተጫዋቾቹ ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ኳሱ ተጀመረ፤ ሕዝቡም ራሱን ሆነ።

ብትኖር ትስቅ ነበር። አንድ የጨው ልጅ ወድቆ አልነሳም ሲል የወደብ ሰዎች “ክሬን አምጡለት!” አሉ። ጨዎቹ ደግሞ “ክሬናችሁማ ከተበላሸ ወሩ!” ብለው መለሱ። አስካለ ልጇ ኳስ በያዘ ቁጥር ክንዴን ትቆነጥጠኛለች፤ ዛሬም ጠቁሯል። እኔም ቀስ በቀስ ረሳሁት፤ ለምን እንደማልመጣ ረሳሁት ማለቴ ነው። ነፋሱ ደስ ይል ነበር። የሻይ ልጁ እንኳ ሳይቀር ደስ ይል ነበር።

ዳኛው አዲስ ነው፤ ከመሐል አገር የመጣ የስፖርት አስተማሪ። አንድ በእጅ የተነካ ኳስ አለፈው። ያኔ ከኋላዬ አንድ ጎርናና ድምፅ “ጨው አምጡለት!” አለ፤ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ተቀበለው። “ጨው! ጨው! ለዳኛው ጨው!” እያሉ አጨበጨቡ። እኔ የተለመደ ቀልድ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ “ምን ማለት ነው እሱ?” ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ባለ ጎርናና ድምፁ መለሰለት። “ድሮ ደምሴ የሚባል የወደብ ሰው ነበር፤ ዳኛ ነበር። ለራሱ ቡድን ሲል የጎሉን መስመር ሳያሰምር አጫወተና የጨዎችን ጎል ሻረ። ከዚያ ወዲህ ዳኛ ሲያጭበረብር ጨው አምጡለት ይባላል።” “እውነት?” አለ ጎልማሳው። “ወላሂ፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።”

ደምስዬ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እንደ ተረት ነው ያወራው። አስካለ ዘወር ብላ ልትናገር ስትል እጇን ያዝኩ። እሷ ስለ ክብርህ መስሏት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዳትጎረጉር ፈርቼ ነው የያዝኳት።

እንግዲህ ያችን ቅዳሜ አንተ ካየህበት ሳይሆን እኔ ካየሁበት ልንገርህ።

ዓርብ ዓርብ ዑመር የሜዳው መስመር የሚሰመርበትን ጨው ይዞ ይመጣ ነበር። የጨው ማሳው ፎርማን፣ የቡድኑ አምበልና አጥቂ፣ የበይሉል መንደር ልጅ፣ ያንተም ወዳጅ። ኖራ በመርከብ እስኪመጣ ሜዳ ሊጠብቅ አይችልም፤ ጨው ግን በአሰብ እንደ ተራራ ተከምሯል። አንድ ጆንያ በጋሪ ጭኖ በራችን ላይ ያወርዳል፤ “ያ ደምሴ፣ ነገ የማሸንፍበትን ጨው ይኸው አመጣሁልህ” ይላል፤ አንተም “በገዛ ጨውህ ትታሻለህ” ትለዋለህ። በኢድ እሱ ቤት፣ በፋሲካ እኛ ቤት ነበርን። ልጆቹ ሰናይትን እህታችን ይሏታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንተ ታችዋ የተበሳሳ ቆርቆሮ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሁልጊዜ ከባሕሩ በኩል ካለው ጎል ትጀምራለህ፤ በትምህርት ቤቱ በኩል ባለው ትጨርሳለህ። ጨዉ እርጥቡን አሸዋ ይይዝና ይደርቃል፤ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ኳስ መስመሩ ላይ የወደቀ እንደሆነ ቅርፊቱ ይሰበራል። ያኔ አንተ እጅህን አንስተህ ሁሉንም ታቆማለህ፤ ተንበርክከህ ጉንጭህን ወደ መሬት ታስጠጋለህ፤ የኳሱን አሻራ ከመስመሩ ጋር ታያለህ። “መሬት አይዋሽም” ትላለህ። “ዝም በሉ፣ ደምሴ ሊሰግድ ነው” ይሉሃል። ተነስተህ የተናገርከውን ግን ማንም ተከራክሮህ አያውቅም። ሌላ ከተማ ዳኛ ይሰደባል፤ አንተ ግን በዚህች መንበርከክ ምክንያት ተከብረህ ኖርክ። ይህን እንዳወቅሁ አላውቅም ነበር፤ ያወቅሁት ሲጠፋ ነው።

በዚያ ዓርብ አንተ የስንዴ መርከብ ገብቶ ወደብ ላይ ነበርክ። የበይሉሏ ፋጡማ መጣች። ጅቡቲ ላለው ልጇ ደብዳቤ ጽፌላት ነበርና እርጥብ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅልላ ሦስት ትልልቅ ዓሣ አመጣችልኝ፤ አንዱ ብቻ የክንዴን ያህል ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር በረዶ የለም። የኔ ጨው አንድ ጭብጥ ቢሆን ነው። ሙቀቱ ያው ነው። ጆንያው ደግሞ በሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል።

አንድ ጊዜ ለወጥ ብዬ አንድ እፍኝ ስወስድ አይተኸኝ እንዳስመለስከኝ ትዝ ይልሃል? “ይህ የሜዳ ነው፤ የቤት አይደለም” አልከኝ፤ አኩርፌ መለስኩ፤ በኋላም ለሰው እያወራሁ ሳቅኩብህ። ያን ቀን ያ ነገር ትዝ ብሎኛል። ትዝ ሳይለኝ ያደረግሁት ነው ብል እዋሻለሁ። ግን የሰው ስጦታ ዓይኔ እያየ ሲሸት ማየት አልቻልኩም። ስፌቱን ፈታሁ። ዓሣ ጨው ይጠጣል፤ ያን ያህል እንደሚጠጣ አላወቅሁም ነበር፤ ቀና ስል ጆንያው ከግማሽ በታች ሆኗል።

በማግስቱ ማልጄ ዑመር ቤት ሄድኩ፤ ትንሽ ጨምርልኝ ልለው። ሚስቱ ሌሊቱን ወደ ማሳው ወጥቷል፣ ከዚያው ነው ወደ ሜዳ የሚመጣው አለችኝ። መልእክት ልተውለት አልደፈርኩም። ስመለስ ባልዲ ይዤ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ባሕር ዳር ወረድኩ። ያንን የዛጎል ስባሪ ነጭ አሸዋ ታውቀዋለህ። አምጥቼ በዱቄት ወንፊት ነፋሁት። ከጨው ጋር ጎን ለጎን ሳየው እኔም መለየት አቃተኝ። ጆንያው ታች አሸዋውን፣ ላይ የቀረውን ጨው አደረግሁና ሰፋሁት። ስፌቱ ካንተ ስፌት ይበልጥ አምሮ ነበር።

ቀን ላይ ከወደብ መጥተህ ጥቂት ተኛህ። ስትወጣ ጆንያውን ትከሻህ ላይ አደረግህና “ዛሬ ደግሞ ከበደኝ፤ ሳላረጅ አልቀረሁም” አልክ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

አላስቻለኝም። ኳስ ለማየት እምብዛም የማልሄድ ሴት ተከትዬህ መጣሁ። አንተ በባሕሩ በኩል ስትጀምር እኔ ቅደም ተከተልህን ስለማውቅ አሸዋው የት እንደሚደርስ ገባኝ፤ እዚያው ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮህ ቶሎ ቶሎ ይፈስብህ ነበር። አንዴ ቆም ብለህ በጣቶችህ አሸት አሸት አደረግኸው። ግን ሰዓቱ ደርሶ ሕዝቡ ያፏጭ ነበርና አጠናቅቀህ ሄድክ።

በመጀመሪያው ግማሽ ነፋስ አልነበረም፤ መስመሩ በቦታው ነበር። እግዜር ይመስገን ብዬ ተንፍሼ ነበር። ከእረፍት በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ተነሳ። የሌላው ወገን መስመር አልተነቃነቀም። እኔ ፊት ያለው ግን እንደ ዱቄት ተነስቶ እየሳሳ፣ በእግር እየተረገጠ ሄደ። ዓይኔ እያየ ሄደ። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲያይ እኔ መሬቱን አያለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች “ይቺ ሴትዮ ምን ጠፋባት?” ሳይሉኝ አልቀሩም።

ወደብ አንድ ለዜሮ እየመራ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዑመር ከሩቅ መታ። ኳሱ አግዳሚውን ነካ፣ ወደ ታች ወረደ፣ በረኛው ጠርጎ አወጣው። ያኔ መረብ አልነበረም። የመስመር ዳኛው ገና ከመሐል እየሮጠ ነበር። ጨዎቹ ተቃቀፉ፤ ወደቦቹ አልገባም አሉ። አንተ እጅህን አነሳህ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ እንደ ሁልጊዜው “ሊሰግድ ነው” የሚል ድምፅ ተሰማ። መጥተህ ተንበረከክህ፤ ከኔ አሥር እርምጃ አትርቅም።

አሻራውን አገኘኸው። መስመሩን አጣኸው።

ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ቋሚ ስትመለከት፣ በመዳፍህ አሸዋውን ስትዳብስ፣ እንደገና ከቋሚው ስትጀምር አየሁህ። ላብህ ከአገጭህ ይንጠባጠብ ነበር። ጎል ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም፤ ዛሬም ብታስምለኝ አልምልም። መስመሩ ለምን እንደሌለ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተነስቼ አንድ ቃል ማለት ነበረብኝ። ጨዉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም። ይኸው ነበር፤ ከዚህ አይበልጥም። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። የሜዳ ጨው የሰረቀች የዳኛው ሚስት እንደምባል፣ አንተም የሷ ባል እንደምትባል አሰብኩና ተውኩት። ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ።

ተነሳህና አይደለም አልክ። ያልታየ ጎል አይሰጥም፤ ደንቡ ነው፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን አንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትናገር ድምፅህ ዝቅ አለ፤ ሕዝቡም ሰማው። “የወደብ ደመወዝ ትጣፍጣለች!” አለ አንዱ። ዑመር መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። “ያ ደምሴ፣ ጨዉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሙሉ ጆንያ ነው። የት አለ?” አለህ። አንተ ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየህ “የሰጠኸኝን ነው ያፈሰስኩት” አልከው። እሱ ሆነ ብለህ እንደተውከው አመነ፤ አንተ አሸዋ ቀላቅሎ እንደሰጠህ አመንክ። ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ፤ ሁለታችሁም በእውነታችሁ ተቆራረጣችሁ። ያን ጊዜ አዛን አለ። ግማሹ ሊሰግድ ሄደ፤ ግማሹ ቆሞ ቀረ፤ ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። ነገሩ እንደዚያው ሳይፈታ አደረ።

ቤት ገብተህ ቆርቆሮዋን አጠብካት፤ ዘቅዝቀህም አስቀመጥካት። “ዑመር ቀለደብኝ” አልክ። ይህን ብቻ። ያን ማታ ልናገር ነበር። በማግስቱ ልናገር ነበር። ሰኞ ፊሽካውን ለኮሚቴው መለስክ፤ ሜዳውን ሳልመረምር አጫውቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ። ያችን ከትራስህ ሥር እየሰረቅሁ የማነባትን አንቀጽ ጠቅሰህ ራስህን ቀጣህ። ከዚያ በኋላ መናገር ከባድ ሆነ፤ በየቀኑ አንድ ቀን ይጨመርበታልና። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረቀውን ዓሣ ሠርቼ አቀረብኩልህ። ሌላ ምግብ ስላልነበረ ነው፤ ወይም እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ይሆናል፣ አላውቅም። ጎረስክና “ጨዉ ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ” አልከኝ።

ዑመር ከዚያ ወዲያ በራችን አልደረሰም። ጋሪው ዓርብ ዓርብ በሌላ መንገድ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፤ አንተም ትሰማ ነበር፤ ጋዜጣህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ከዚያ መልሰህ ታነሳለህ። በኢድ ሰሐን አልመጣልንም። በፋሲካ አንተ አንድ ሰው የሚበቃ ለይተህ አስቀመጥክ፤ ማታ ላይ ለጎረቤት ሰጠሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሕዝቡ ድምፅ እስከ ቤታችን ይመጣል፤ ያኔ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለህ።

ሆስፒታል ተኝተህ፣ እግርህ አብጦ፣ መናገር እያደከመህ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይንህን ከፈትክና “ዑመር ግን ለምን እንደዚያ አደረገኝ?” አልክ። ቁጣ አልነበረብህም። እንደ ሕፃን ነው የጠየቅኸኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት በር ተከፈተ፤ ከኔ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ግን “ውሃ ልስጥህ?” አልኩ። ጠጣህ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሳህም፤ በአራተኛው ቀን አረፍክ። ጨው መውሰዴን ሰው ይረዳው ይሆናል። አሸዋውንም፣ ዝም ማለቴንም። ያችን የውሃ ብርጭቆ ግን ማን ይረዳልኛል? እኔ ራሴ አልረዳትም።

ዑመር ለቅሶ መጥቶ ነበር፤ አንተ አታውቅም። አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሌላ ሰው አቀበለና ፍትሐቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሦስት ቀን ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። አላናገረኝም፤ እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልመልስህ። ሕዝቡ “ጨው! ጨው!” እያለ ሲያጨበጭብ አንድ ሰው ከጨው ቡድን ወንበር ተነሳ። ዑመር ነው፤ አሁን አሰልጣኝ ነው። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ሆዱም ቀድሞት ይሄዳል። ጨዋታውን ትቶ በገመዱ ዙሪያ ዞሮ ወደኛ ወገን መጣ። ከኔ ኋላ ያሉትን ሰዎች ነበር የሚያየው፤ እኔን በነጠላዬ ተሸፍኜ አላየኝም።

“ያ ጀማዓ፣” አለ፣ “ሰውዬው ሞቷል። ያ ጎል የማን ነበር? የኔ ነበር። የተበደልኩት እኔ ነኝ። እኔ ይቅር ካልኩት ዓመት አልፏል፤ እናንተ በምን ገባችሁ?” ባለ ጎርናና ድምፁ “ቀልድ ነው እኮ ዑመር” አለው። “በሟች አይቀለድም። መቀለድ ካማራችሁ ሆዴ ይኸውላችሁ፣ ለሁላችሁም ይበቃል” አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ። ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እስኪያቆሙ ቆመባቸው። ከዚያ ተመልሶ ሄደ። ሰዎቹ እስኪያልቅ ድረስ ያችን ቃል አልደገሟትም። ማን እንዳሸነፈ አስካለን ጠይቃት፤ እኔ አላየሁም።

የዚያን ዕለት የሆነብኝን እንዴት ልንገርህ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዑመር ቂም ይዟል ብዬ ነበር የማስበው፤ ቂሙ ደግሞ እኔን አሳረፈኝ። ክፉ ሰው ቢሆን በደሌ ይቀልልኝ ነበር። አሁን ግን ይቅር ብሏል፤ ያለው ላንተ ነው፤ አንተ ደግሞ አልበደልከውም። ላልበደለ ሰው የተሰጠ ይቅርታ ምን ይባላል? ስድብ ባይሆንም አንተ ላይ እንደ ጥላሸት ይቀመጣል። የዋህ ሰው ከልቡ ይቅር ባለህ ቁጥር አጭበርባሪነትህ እንደገና ይጸድቃል። አንተ ደግሞ ስለ እሱ የተሳሳተ ነገር ይዘህ ሄደሃል። አንተን ከመቃብር ጠርቼ ላቃናህ አልችልም። እሱን እችላለሁ፤ በሕይወት አለ፣ ከቤታችን አምስት መቶ እርምጃ ነው።

እሑድ ሄጄ ነበር። ሚስቱ እጄን ስማ አስገባችኝ። ዑመር ተነስቶ “አህለን እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፤ ይህ ቤት ረስቶሽ ነበር” አለኝ። ሻይ ጠጣሁ። ስለ ሰናይት ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ። የመጣሁበትን ሳልናገር ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኘኝና ደምሴ ጥሩ ሰው ነበር አለኝ፤ ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል አለኝ። እኔም አዎ አልኩ። አዎ አልኩት፣ ደምስዬ። ያኔ ነው አፌ መቼም እንደማይታዘዘኝ የገባኝ። እጄ ግን የፋጡማን ደብዳቤ ጽፏል፤ የሰናይትን ጽፏል፤ የራሴን ለምን አይጽፍም አልኩና ከዚያ ምሽት ጀምሮ ኒሟ ሥር ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ምን እንደሚል አላውቅም። በአሰብ ወሬ ከነፋስ ይቀድማል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሴቶቹ አጠገቤ መቀመጥ ይጠሉ ይሆናል። የአንተን ስም ትተው የኔን ይጠሩ ይሆናል። ይጥሩት፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብዬ አልጻፍኩለትም፤ ያንን ቃል እዚህ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። መስመሩን አስምረህ እንደነበር ይወቅ፤ አሸዋ እንዳልሰጠህም አንተ ሳታውቅ እንደሞትክ ይወቅ። ሜዳ ላይ ይንገረው፣ ምድጃ ውስጥ ይክተተው፣ እሱ ያውቃል።

እኔ አንተን የማስታውሰው ሰው እንደሚጠራህ አይደለም፤ እስከ ዛሬም አልነበረም። ያን ቀን ሁሉም ሲጮህብህ፣ ላብህ ዓይንህ ውስጥ እየገባ፣ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ደጋግመህ ስትመለከት አየሁህ። ወገንህን ብትፈልግ ኖሮ ያን ያህል ባልፈለግህ። ይህን ያየሁት ከቅርብ ነው፤ ዕድሜዬ እስካለ ይዤው እኖራለሁ፤ ሰናይትም ስትመጣ እነግራታለሁ።

ዑመር አማርኛ ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ በትልቅነቱ ነው፤ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ፊደሉን አተልቄ፣ መስመር እየዘለልኩ ነው የጻፍኩት፤ ወረቀቱ የበዛው ለዚያ ነው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ እሄዳለሁ። በሰው አልልክም። ሻይም አልጠጣም። አንተ ሰምተሃል፤ አሁን እነዚህን ገጾች ከእጄ የሚቀበለው ዑመር ነው።